ጋሽ ኸይሩ እና በጆንያ የተጠቀለለው የመሪ ዘንግ

ነገሩ የሆነበትን ዓመት በትክክል አላስታውስም። ክረምት እንደነበር አውቃለሁ፤ ከዓለም ባንክ ሰፈር ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገዳችን ገና ኮብልስቶን አልለበሰም ነበር። ልጄ ብሩክ ከሞተ ሁለት ዓመት ሞልቶት ይሆናል፣ ወይም ሦስት። ያን ጊዜ ቀን መቁጠር ትቼ ነበር።

የጋሽ ኸይሩን ቀን ግን አልረሳውም። ባለፈው ዓርብ ነው። ጠዋት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሩቂያ ደውለው «ጋሽ ታደሰ፣ ጓደኛዎ ተለዩን» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተሰግዶባቸው ወደ ኮልፌ መቃብር ተወሰዱ። እኔ ከመስጊዱ አጥር ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ። ሲወጡ ሰዎቹ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ፈጥነው ነበር የሚሄዱት፤ በዚህ ባረጀ እግሬ ልደርስባቸው አልቻልኩም። መቃብሩ ጋ ስደርስ ጉድጓዱ በግማሽ ተሞልቷል። አንድ የማላውቀው ሰው አካፋውን ሰጠኝ፤ ሦስት ጊዜ አፈር መለስኩ።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለዚህ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ጋሽ ኸይሩ የመኪና መሪ ሰው ነበሩ። ጋራዣቸው ከታክሲ መውረጃው ገባ ብሎ ያለች የቆርቆሮ ዳስ ናት። ነፋሱ ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ በኩል ሲመጣ ደንበኛ ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል፤ እሳቸው ግን «እኛው የጣልነው ነው፣ ባዳ አይደለም» ይሉና ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሞተር አይነኩም። ካምቢዮ አይነኩም። ለምን ሲባሉ «ሞተር ቢከዳዎት በእግርዎ ቤትዎ ይገባሉ። መሪ ከከዳዎት ማን ያስገባዎታል?» ይሉ ነበር።

የሚመጡላቸው መኪኖች እንደኔዋ ያሉ አሮጌ የፊልድ መኪኖች ናቸው፤ ገጠር ለገጠር ሲንገላቱ የኖሩ፣ አዲስ ዕቃቸው ከገበያ የጠፋ። የመሪ ዘንግ ማለት ከመሪው ክብ ተነስቶ ወደ ታች የሚወርደው፣ ጎማዎቹን የሚያዞረው ረጅሙ ብረት ነው። እሱ ሲያልቅ ያለው መላ ከተጋጨ ወይም ከተጣለ መኪና ላይ የተፈታ ፈልጎ መግጠም ነው። ይህን የሚሠራ ብዙ ሰው አለ። እንደ ጋሽ ኸይሩ አድርጎ የሚሠራ ግን እኔ አላየሁም።

የመጣላቸውን ዘንግ በመጀመሪያ በናፍጣ ያጥቡታል። ከዚያ መሬት ላይ የተነጠፈች አንዲት ወፍራም መስታወት አለቻቸው፤ እሷ ላይ ያንከባልሉታል። በሆዳቸው ተኝተው፣ ጉንጫቸውን ሲሚንቶው ላይ አስደግፈው፣ ከዘንጉ ሥር ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ያያሉ። የፀጉር ያህል ብርሃን ካለፈ ዘንጉ ጎብጧል ማለት ነው፤ ይጥሉታል። ሰው «ትንሽ ቢቃና፣ ቢበየድ» ካላቸው «መሪ አይበየድም» ብለው ይነሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ቢለምኗቸውም አይሰሙም። የገጠሙት ዘንግ ላይ ደግሞ በሹል ብረት ሦስት ነጥብ ይመታሉ። ምንድን ነው ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ነገ ሰው ሲጠይቅ እኔ አይደለሁም እንዳልል» አሉኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ዘንጉ ሰው ከሞተበት መኪና የተፈታ ከሆነ የሟቹን ቤተሰብ አፈላልገው ሳይጠይቁ ለማንም አይገጥሙትም። «ሐላል በሉኝ» ይሏቸዋል፤ ፈቅዳችሁ ስጡኝ፣ ቅር አይበላችሁ ማለታቸው ነው። አንድ ጊዜ ወደ ሳንሱሲ በመኪናዬ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ባሏ የሞተባት ወጣት ሴት በር ላይ ቆማ ሰማቻቸውና «አባቴ፣ ብረት ምን ያውቃል?» አለቻቸው።

«ብረቱ አያውቅም ልጄ። እኔ አውቃለሁ» አሏት።

ፈቀደችላቸው። እሳቸው ግን እያነጋገሯት የበሯ ማጠፊያ መውለቁን አይተው ኖሯል፤ በማግስቱ ዕቃቸውን ይዘው ተመልሰው ሠሩላት። እኔ ይህን የሰማሁት ከእሳቸው አይደለም።

በእኔ መኪና ይቀልዱ ነበር። «ጋሽ ታደሰ፣ ይቺ መኪና ወደ ግራ ሲያዞሯት መጀመሪያ ታስባለች» ይሉኛል።

«ምን ታድርግ፣ አርጅታለች» ስላቸው፣

«እርስዎም ሲጠሩ እንደዚያው ነዎት። ተስማምታችኋል።»

ልጄ ብሩክም እንደኔዋ ያለች መኪና ነበረችው፤ ዓይነቷም ዘመኗም አንድ። መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከሰበታ ወዲያ ባለው የጭቃ መንገድ ላይ መሪውን አስይዤ «ምንም ቢመጣ መሪ እንዳትለቅ» እያልኩ ነው ያስተማርኩት። የእሱ መኪና የመሪ ዘንግ ሲያልቅ የተፈታ ፈልገው የገጠሙለት ጋሽ ኸይሩ ናቸው። ከዚያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ብሩክ በጅማ መንገድ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጭቶ ሞተ።

አይተናል ያሉ ሰዎች «መሪውን ለቀቀ» አሉ። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። የነገረኝ ሰው ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነበር፤ «እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል፣ ሕመሙን አላወቀውም» ለማለት። እኔ ግን ያቺን ቃል ይዤ ቀረሁ። መሪውን ለቀቀ። እንዴት ይለቃል? ሳላስተምረው የቀረሁት ምን ነገር አለ? ለማንም አልተናገርኩም፣ ለባለቤቴ ለአስካለም ቢሆን። የተሰባበረችውን መኪና ዓይኔ ማየት ስላልቻለ የአስካለ ወንድም ለሚፈቱ ሰዎች ሰጣት። ወዴት እንደሄደች አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ያ ክረምት መጣና የእኔም መኪና መሪ ጨርሶ አለቀ። ሩብ ዙር አዙሬው እንኳ ጎማው አይሰማም። ጋሽ ኸይሩ ከሥሯ ገብተው አዩአትና ሲወጡ እጃቸውን ጠረጉ።

«ዘንጉ አብቅቶለታል። እንዳይነዷት።»

«ይፈልጉልኝ እንግዲህ።»

«እፈልጋለሁ» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

ሳምንት ቆይቼ ሄድኩ፤ «አልተገኘም» አሉኝ። ሌላ ሳምንት ሄድኩ፤ «አልተገኘም»። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ ያዘኝና ዳሱ ውስጥ ተጠልዬ ቀና ብል፣ ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በገመድ ተንጠልጥሏል። የጆንያው ጫፍ ተቀዶ የብረቱ ጥርስ ይታያል። ዕድሜዬን ሙሉ ስነዳት የኖርኩትን መኪና ዘንግ አልስተውም። የእሷው ዓይነት ነው።

«ጋሽ ኸይሩ፣ ያ ምንድን ነው?»

ቀና ብለው አላዩትም። «እሱ አይሆንም» አሉ።

«ጎብጧል?»

«አልጎበጠም።»

«ተሰንጥቋል?»

«አልተሰነጠቀም። ግን አይሆንም።»

«ታዲያ ለማን ነው ያስቀመጡት?»

እጃቸው ላይ የነበረችውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመሩ፤ አጠፏት፣ ዘረጓት፣ እንደገና አጠፏት።

«እኔን አልተገኘም እያሉ ለሌላ ሰው ኖሯል የሰቀሉት» አልኳቸው። «ሰው ፊት በእርስዎ ስምል የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ። እርስዎም እንደ ሌላው ነዎት ለካ።»

«ይቅር ይበሉኝ» አሉ፤ ይህን ብቻ።

በዝናቡ ውስጥ ወጣሁ። መኪናዬን አስጎትቼ ግቢዬ ውስጥ አቆምኳት። ከዚያም ለሰፈሩ ሰው ክፉ አወራሁባቸው። ጋሽ ኸይሩ ዕቃ ይደብቃሉ፣ ሰው ያበላልጣሉ አልኩ። ከእናንተ መካከል ይህን ከአፌ የሰማችሁ አላችሁ። ያልኩት ሐሰት ነበር። ዛሬ የምጽፍበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ወሩ ረመዳን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ የውጭው በር ተንኳኳ። ጋሽ ኸይሩ ናቸው። በእግራቸው ነው የመጡት፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ትከሻቸው ላይ ያ በጆንያ የተጠቀለለው ዘንግ አለ፤ በሌላው እጃቸው በፌስታል የታሰረ ክብ ነገር ይዘዋል። አስካለ ውኃ ልታመጣላቸው ተነሥታ ጾማቸው ትዝ ሲላት ተመልሳ ተቀመጠች።

«ወይዘሮ አስካለም ይስሙኝ» አሉ። ጆንያውን ገለጡና ዘንጉን አዙረው ሦስቱን ነጥቦች አሳዩኝ። የራሳቸው ምልክት ነው።

«ይህ የብሩክ ነው።»

እሳቸው ቀጠሉ፤ የሚያዩት መሬት መሬቱን ነበር።

«ልጁ ሲሞት እንቅልፍ አጣሁ። የገጠምኩለት እኔ ነኛ። የእኔ እጅ ይሆን የገደለው ብዬ የሚፈቱት ሰዎች ዘንድ ሄድኩ፤ አገኘሁትና አመጣሁት። ሦስት ቀን መስታወቱ ላይ አንከባለልኩት። ብርሃን አላሳለፈም። ጥርሱም መጋጠሚያውም ደህና ነው።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርዎ? ልጅዎን የገደልኩት እኔ አይደለሁም ብዬ? ለቅሶ ቤት ገብቼ ራሴን ነፃ ላውጣ? አፈርኩ። ልጥለው አልቻልኩም፣ ለሰው ልገጥመው አልቻልኩም። ሐላል በሉኝ ማለት ያለብኝ እናንተን ነው፤ በየትኛው ፊቴ ልምጣ? እርስዎ ደግሞ ዘንግ ይፈልጉልኝ ብለው መጡ። አገር ምድሩን ዞርኩ፤ ሌላ ጠፋ።»

ከዚያ ፌስታሉን ፈቱ። የብሩክ መኪና መሪ ነው። ጥቁሩ ክብ ከሁለት ቦታ፣ ከግራና ከቀኝ፣ ወደ ፊት ጎብጧል። ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ይዩት፣ ጋሽ ታደሰ። ሰው መሪውን ካልያዘ በደረቱ ነው የሚወድቅበት፤ የታችኛው ጎን ይጎብጣል። የዚህ ታቹ ደህና ነው። የጎበጠው እዚህና እዚህ ነው። እጅዎን ያድርጉበት።»

አደረግኩ። ሁለቱ እጆቼ ጉብጠቶቹ ላይ ልክ ተቀመጡ።

«አልለቀቀም» አሉ። «እስከ መጨረሻው ይዞታል።»

ስለዚያች ቃል ለጋሽ ኸይሩ ነግሬያቸው አላውቅም። ለካ እሳቸውም ለቅሶው ላይ ነበሩ፤ እሳቸውም ሰምተዋት ኖሯል። አስካለ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሷም ያቺን ቃል ይዛት ኖራለች፤ ለእኔ ስትል ደብቃት። ሁለታችን አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ቃል፣ በየፊናችን ደብቀን።

አንዳንድ ጊዜ ከዚያ በኋላ፣ ሊያጽናኑን ብለው ይሆን? ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ግን ጋሽ ኸይሩ ስለ ብረት ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ቀለም ተቀብቶ አዲስ የመሰለ ዕቃ ሲያመጡላቸው «ብረት አይዋሽም፤ የሚዋሸው ቀለሙ ነው» ብለው የሚመልሱ ሰው ናቸው።

«አሁን የመጣሁት ልጠይቃችሁ ነው» አሉ። «ልግጠመው ወይስ ልቅበረው?»

የመለሰችው አስካለ ናት።

«ልጄ የያዘውን አባቱ ይያዘው።»

«ሐላል ነው ይበሉኝ እንግዲህ።»

«ሐላል ነው» አለች። ያንን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

በዒዱ ማግስት ገጠሙልኝ። ቀኑን ሙሉ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ዘንጉ ለብሩክም ከሌላ መኪና የተፈታ ስለነበር ማሰሪያው ከእኔ መኪና ቀዳዳ በአንድ ጣት ያህል ይርቅ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ቆርጦ ይበይደዋል። እሳቸው ማሰሪያውን ብረት በሚይዘው ሞርሳ ላይ አስረው በሞረድ ከጠዋት እስከ ቀትሩ የዙሁር ሶላት ሞረዱት፤ ሞርደው ይለኩታል፣ ይመልሱታል፣ ደግሞ ይሞርዳሉ። ሰግደው መጡና ቀጠሉ። ዘንጉ ከገባ በኋላ ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጥረው ጎማዎቹ ቀጥ ማለታቸውን በሁለቱም በኩል አዩ፤ መሪውን ያጠበቁት ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ ነጥብ አልመቱበትም። «አንድ ጊዜ ተመትቷል» አሉ።

የጎበጠውን የብሩክን መሪ አስካለ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ሞተሩን አስነሳሁ። ጋሽ ኸይሩ ሳልጠራቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ወዴት ልሂድ?» አልኳቸው።

«የሚፈሩት ወዴት ነው?»

በጅማ መንገድ ሄድን። ብሩክ ከሞተ ወዲህ ያን መንገድ ረግጬው አላውቅም ነበር። ቦታው ላይ ስንደርስ አቆምኩ። እሳቸው ወርደው ሁለት መዳፋቸውን ከፍተው ዱዓ አደረጉ፤ እኔ አማተብኩ። ከባድ መኪኖች በአጠገባችን ሲያልፉ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች። ብዙ አልቆየንም። ስንመለስ ሰበታ ደረስን።

«እንዴት ናት?» አሉኝ ኋላ።

«አታስብም» አልኳቸው።

«እንግዲህ እርስዎ ብቻ ቀሩ ማለት ነው።»

ልጄ ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አብረን አረጀን። ሰፈሩ ኮንዶሚኒየም በኮንዶሚኒየም ሆነ፤ አሮጌዎቹ መኪኖች እየቀነሱ፣ የዳሷ በርም እየተዘጋ መጣ። ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሁለት ቀን ሐኪም ቤት የማደርሳቸው በዚያችው መኪና ነበር። ቤተሰባቸው ለስላሳ መኪና ይምጣልዎ ሲሏቸው «የዚያችኛዋን መሪ አላውቀውም» ይላሉ። ሰውነታቸው አልቆ ቀበቶው እንኳ ይሰፋቸው ነበር። መንገድ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

«ድምፅ አላት?»

«የላትም።»

«ግሪሷን እንዳይረሱ።»

መጨረሻ ያደረስኳቸው ቀን ሐኪም ቤቱ በር ላይ መኪናዋን አቁመን የሚገፋውን ወንበር ስንጠብቅ፣ እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉ። እጄ መሪው ላይ ነበር።

«ጋሽ ታደሰ፣ አንድ ነገር አለብኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም አልኩዎት። ልጁ አለመልቀቁን እያወቅኩ፣ ለራሴ አፍሬ፣ እርስዎን ከዚያች ቃል ጋር ትቼ ኖርኩ። ሐላል ይበሉኝ።»

መሪውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ልናገር ስል ወንበሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ደግፈው አወረዷቸው። ዞር ብለው አዩኝ። እጄን አነሳሁላቸው። በሚቀጥለው እነግራቸዋለሁ አልኩ ለራሴ፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር። እሳቸው ዓርብ ሄዱ።

ወይዘሮ ሩቂያ ኋላ እንደነገሩኝ፣ አስከሬኑ መቃብር ሊገባ ሲል ለቀስተኛው «ሐላል በሏቸው» ተብሎ ተጠይቆ ሁሉም ብሏል። እኔ ግን ያን ጊዜ ገና መንገድ ላይ ነበርኩ፤ በዚህ እግሬ እየተጎተትኩ።

ስለዚህ ጋሽ ኸይሩ፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ እነዚህ ሰዎች ሁሉ እየሰሙ ልንገርዎ። ሐላል ነው። ያኔ መኪናው ውስጥ ሲጠይቁኝም ሐላል ነበር፤ ቃሉ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው እንጂ። ዝም ያሉትም ከክፋት እንዳልነበረ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ በስምዎ ላይ ክፉ አውርቻለሁ፤ እርስዎ አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም። እሱን እርስዎም ሐላል ይበሉኝ።

መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ግሪሷን ትናንት ቀባሁ። ሦስቱ ነጥቦች በአቧራው ውስጥ አሁንም ይታያሉ፤ በጣቴ ነካኋቸው። ወደ ጅማ መንገድ ለመሄድ ዓይኔ አይበቃኝም፤ እስከ ኮልፌ መቃብር ግን እነዳለሁ፣ ቀስ ብዬ።

አፈሩ ይቅለልዎት ወንድሜ። ሰው ያን ሐዘን እንዴት ተሻገርከው ሲለኝ መልሱ ረጅም አይደለም። የያዘኝና ያልለቀቀኝ አንድ ሰው ነበር፤ ኸይሩ ይባላል።